«ጥቂት ናችሁ»

እዚህ ተራራ ላይ የሚነሣብን ነገር ሁሉ የሚነሣው በአንድ ምክንያት ነው፤ ጥቂት ናችሁ ይሉናል። የእሑዱ አውቶቡስ የቀረው ጥቂት ስለሆንን ነው። ኤቲኤሙ ተነቅሎ የሄደው ጥቂት ስለሆንን ነው። ሐኪሙ ጡረታ ሲወጣ ምትክ ያልመጣለት፣ ፖስታ ቤቱ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚከፈተው፣ የአንደኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ባንድ ክፍል ተቀምጠው ካንድ አስተማሪ የሚማሩት፣ ሁሉም ጥቂት ስለሆንን ነው። የቄሱም ነገር እንዲሁ ነው። ዱሮ ለያንዳንዱ መንደር የራሱ ቄስ ነበረው። አሁን ለአራቱ መንደር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያለሁት በደቡብ ኢጣሊያ በባዚሊካታ ክልል፣ ከፖተንዛ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ተልኬ የመጣሁ ወጣት ካህን ነኝ። የዚህ አገር ሰው መሠዊያው ላይ አፍሪካዊ ቄስ ሲያይ መገረም ከተወ ቆይቷል፤ ከናይጄሪያ፣ ከኮንጎ፣ ከሕንድ የመጡ ካህናት በየተራራው ያገለግላሉ። ከኛ መንደሮች ብዙም ሳይርቅ ሳን ፌሌ የምትባል ከተማ አለች። እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1800 የተወለዱት እዚያ ነው። በ1839 ዓድዋ ገቡ፤ ግዕዙን ተማሩ፣ ከሰው ጋር በልተው ከሰው ጋር አደሩ፤ በ1860 ከምፅዋ ወደ ደጋው ሲወጡ መንገድ ላይ አረፉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ስለሚያውቁ «እኛ ወደናንተ ልከን ነበር፣ ዛሬ እናንተ ወደኛ ላካችሁ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ያሳፍረኛልም። እሳቸው ከሕዝቡ ጋር ኖረዋል። እኔ በሕዝቡ መካከል አልፋለሁ እንጂ ከሕዝቡ ጋር እኖራለሁ ለማለት አፌን ሞልቼ አልናገርም።

እሑድን ልንገራችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ፣ በቀኖና 905፣ አንድ ካህን በቀን አንዴ ነው የሚቀድሰው። የካህናት እጥረት ካለ ጳጳሱ በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በእሑድና በታላላቅ በዓላት ደግሞ ሦስት ጊዜ እንዲቀድስ ሊፈቅድ ይችላል። ከሦስት በላይ የለም። አራተኛዋ መንደር እንግዲህ ቅዳሜ ማታ ነው የሚደርሳት። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ ቅዳሴ የፋብሪካ ሥራ እንዳይሆን የወጣ ነው። ችግሩ ሕጉን የጻፈው ሰው መንገዱን አለማየቱ ነው። በካርታ ሲታይ መንደሮቹ ጎን ለጎን ናቸው። በመሬት ግን ካንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ገደሉን እስከ ታች ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና በጥምዝምዙ መንገድ መውጣት አለ።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አራቱም መንደር የሚፈልገው ረፋድ 5 ሰዓትን ነው። ከቅዳሴ በኋላ አደባባይ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከዚያ ወደ ምሳ መግባት የአያት የቅድመ አያታቸው ልማድ ነው። ለአንዱ 5 ሰዓትን ስሰጥ ሌላው በጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በረዶውን ረግጦ ይመጣል። የጠዋቱ ቅዳሴ የወደቀው ከሁሉ ከፍ ባለችው፣ ከሁሉ በምትበርደው መንደር ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ካልጀመርኩ ሦስቱን አላዳርስም። አሮጊቶቹ ከኔ ቀድመው ደርሰው፣ ካፖርታቸውን እንደ ደረቡ፣ እሳት በሌለበት ቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያቸውን እየደገሙ ይጠብቁኛል። አይቆጡም። «እኛ ዘንድ ሁልጊዜ በ5 ሰዓት ነበር» ብቻ ይላሉ። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የቅዳሴው ማብቂያ ነው። የቅዳሴ ልብሴን ቶሎ ቶሎ አውልቄ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ መኪናው ስጣደፍ በር ላይ አንድ ሰው ይቆማል። «ዶን፣» ይለኛል፣ እዚህ ቄስ የሚጠራው እንዲያ ነው፤ «አንድ ደቂቃ ብቻ።» ከክህነት ሥራ ሁሉ ዋናው እዚያች ደቂቃ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ኑዛዜ ቤት ገብቶ የማይናገረውን በር ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ልጄ ከባሏ ተለየች፣ ሐኪሙ ሳንባዬ ላይ ነገር አይቷል፣ ወንድሜ ካኮረፈኝ ሰነበተ። በሚቀጥለው መንደር ግን ደወሉ ተደውሏል። «ማክሰኞ እመጣለሁ» እላለሁ። ማክሰኞ ቀብር ይሆናል።

ቀብሩ አያልቅም። በመላ ኢጣሊያ በ2023 የተወለዱት ሕፃናት 380,000 አልሞሉም፤ የሞቱት ደግሞ ከ660,000 በላይ ናቸው። ይህ የአገሩ ሁሉ ሒሳብ ነው፤ ወደ ተራራ ሲወጣ ይብሳል። ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ክፈፍ ያለው የሞት ማስታወቂያ ነው። የመጨረሻውን ማስታወቂያ ዝናብ ሳያጥበው ሌላ ይለጠፍበታል። ቀብር ላይ መቆም አይሰለቸኝም፤ ለዚህ ነው የተሾምኩት። የሚሰለቸኝ ከቀብር በኋላ የሚሆነው ነው። ልጆቹ ከቶሪኖ፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከጀርመን መጥተው፣ አልቅሰው፣ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥተው ይመለሳሉ። ጎረቤቲቱም ዘጠና ሊሞላት ነው። መስኮቱ ከዚያን ቀን ወዲያ አይከፈትም። መንገዱ ላይ ከሚበሩት መብራቶች አንዱ ጠፋ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ ሲመጣ ደግሞ «ጥቂት ናችሁ» ለሚሉን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ስለ መንገዱ ካነሣሁ አልጨርስም። የባዚሊካታ መሬት በብዙ ቦታ ሸክላ ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ክራኮ የምትባለው መንደር ከ1963ቱ ናዳ በኋላ ሰዎቿ ወደ ሸለቆው ወርደው ባዶዋን ቀርታለች፤ ዛሬ ቱሪስት ፎቶ ሊያነሣባት ይመጣል። የኛ መንገድ እንደዚያ በአንድ ጊዜ አልሄደም። በየክረምቱ ከዳሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረሳል። ቢጫ ምልክት ያቆማሉ፣ አንዱን ረድፍ ይዘጋሉ፣ «ጊዜያዊ» የሚል ሰሌዳ ይሰቅላሉ፤ ሰሌዳው እዚያው ዝጎ ይቀራል። ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 የበረዶ ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ሰንሰለቱን በጨለማ፣ በበረደ እጅ ማሰር የቻለ ሰው ብዙ ነገር ችሏል። ሕግ አክባሪዎች ነን፤ ሰንሰለቱን እንይዛለን። ሰንሰለቱን የምናስርበትን መንገድ የሚጠግን ግን ማን ነው?

ደግሞ መንጃ ፈቃድ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይለወጥም፤ ነዋሪ ከሆንክ ከአንድ ዓመት በኋላ አይሠራም። ስለዚህ ከሌላ አገር መጥቶ በአራት መንደር የተሾመ ካህን ከእሑድ ስብከቱ ጎን ለጎን በኢጣሊያንኛ 30 ጥያቄ በ20 ደቂቃ መመለስ፣ ከሦስት በላይ አለመሳሳት ይጠበቅበታል። እስኪያልፍ ድረስ ሰው ነው የሚያደርሰው። እኔን ያደርሱኝ የነበሩት የመጀመሪያዋ መንደር ደወል ደዋይ ናቸው፤ በዕድሜ አያቴ የሚሆኑ ሰው፣ በአሮጌ ፓንዳ መኪናቸው፣ በጭጋግ። ነዳጁን እንኳ አላስከፈሉኝም። እኚህን ሰው ያደከመው ማን እንደሆነ ስጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ አጣለሁ። ሶጆርኖ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፖስታ ቤት አስገብተህ፣ ደረሰኝ ይዘህ፣ ለአሻራ አውራጃው ከተማ ወርደህ ወራት መጠበቅ ነው። ለአሻራው የሚሰጡህ ቀጠሮ ቀብርህንም ቅዳሴህንም አይጠይቅም።

ረቡዕና ሐሙስ ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማንም ያልሾመኝ ሥራ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የጡረታውን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለመክፈት ስፒድ የሚሉት ዲጂታል መታወቂያ ወይም ኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ካርድ ግድ ሆኗል። የሐኪም ቀጠሮው፣ የሕክምና ማስረጃው፣ የቤት ግብሩ ሁሉ ወደዚያው ገብቷል። ከተማ ላለ ወጣት ይህ መገላገል ነው፤ አልክድም። እዚህ ግን ሕይወቷን ሙሉ እርሻ ስትቆፍር የኖረች፣ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ የያዘች አሮጊት፣ በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ኮድ አስገቢ ትባላለች። ልጇ ሩቅ ነው። ፖስታ ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው። ስለዚህ ወደ ቄሱ ቤት ትመጣለች። እኔም በሰው የጡረታ ገንዘብና በሰው የጤና ምስጢር ውስጥ ያለ ፈቃዴ እገባለሁ። «ዶን፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኩህ» ስትል አንጀቴን ትበላዋለች። ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እሷ አይደለችም።

ስለ ባዳንቴዎቹ መናገር አለብኝ። ከሮማኒያ፣ ከዩክሬን፣ ከጆርጂያ መጥተው የታመሙ አረጋውያንን የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው። የቤት ሠራተኞች ብሔራዊ ውል እሑድን ሙሉ ቀን ዕረፍት ይሰጣቸዋል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩ ብዙ እኅቶቻችን ይህ ገና ምኞት ነው፤ እዚህ በወረቀት አለ። ግን እሑድ አውቶቡስ የለም። እነዚህ ሴቶች ዕረፍታቸውን ይዘው የት ይሂዱ? አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ እኔ የምቀድስበት መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ አደባባዩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር አይነሡም፤ ስልካቸውን ይዘው ከልጆቻቸው ጋር ያወራሉ። የአውቶቡሱን መስመር የሰረዘው ሰው ተሳፋሪ ቆጥሮ ነው የሰረዘው። የነዚህን ሴቶች እሑድ መሰረዙን ማንም አልነገረውም።

ልጆቹ አሉ፤ ጥቂት ቢሆኑም አሉ። ለትምህርተ ክርስቶስ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጡ ነበር። አሁን ኳስ ጨዋታቸው ታች ሸለቆው ውስጥ ሆነ፣ ሙዚቃ ትምህርቱም እዚያው፣ ሱፐርማርኬቱም እዚያው። ወላጆቻቸው አርባ ደቂቃ ነድተው ያወርዷቸዋል፣ አርባ ደቂቃ ነድተው ይመልሷቸዋል። አባቶቹ ሲደክማቸው ይታየኛል። በአንድ ክረምት መካከል አንዱ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ታች ሲወርድ የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ከሚፈለገው በታች ይሆናል፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ነገር ይነሣል። የወረዱትን አልወቅስም። ማን ይወቅሳቸዋል?

ሕንፃው ደግሞ አለ። በኖቬምበር 1980 የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኢርፒኒያና በባዚሊካታ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል፤ እዚህ አቅራቢያ ባልቫኖ ቅዳሴ ላይ የነበሩ ሕፃናት ሳይቀሩ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሥር ቀርተዋል። ሰው ከዚያ ወዲህ ጣሪያውን አይቶ ነው የሚቀመጠው። ጣሪያው ያፈሳል። ከ70 ዓመት በላይ የሆነ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ፈቃዱም ትክክል ነው፣ ያለ እሱ ስንቱ ጥንታዊ ሥዕል በቀለም ቀቢ እጅ በጠፋ ነበር። ግን ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ባልዲ አስቀምጠን እንቀድሳለን።

ክረምቱ ሲጠና፣ በፌብሩዋሪ፣ ብቸኝነት ይበረታል። የኛ የካቲት 12 የሚውለው ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን የታመመ ልጠይቅ አንድ ቤት ገብቼ ሳለ ከመሳቢያ ፎቶግራፍ የወጣበት ጊዜ አለ፤ አባታቸው በወታደር ልብስ፣ ከኋላው የኛ ተራራ። «አባቴ አገርህን ያውቃል» ይሉኛል በፍቅር። በክፋት አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን ዝም ብዬ ፎቶውን ይዤ መቀመጥ ይከብደኛል። ካርሎ ሌቪ የተባለው የቶሪኖ ሐኪምና ሠዓሊ በ1935 ወደዚሁ ክልል፣ በኋላም ወደ አሊያኖ ተግዞ ነበር። በ1936 የተፈታው አዲስ አበባ መያዟን ለማክበር በተደረገ ምሕረት ነው። የዚያን ጊዜ ገበሬዎች ልጆቻቸው ለማያውቁት ጦርነት ሲወሰዱ፣ መሬታቸው ሲራቆት፣ ወባ ሲጨርሳቸው ሮም ሩቅ ነበረች። ዛሬም ሩቅ ናት። ስለዚህ ለፎቶው ባለቤት የምለውን እላለሁ፤ አባታቸው ያየው ተራራ ሰው እንደነበረበት፣ ብዙ ሰውም እንደ ሞተበት እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ አብረን እንጸልያለን።

ኦገስት ሲመጣ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። በፌራጎስቶ፣ በፍልሰታ ለማርያም በዓል፣ ኦገስት 15፣ መንደሩ ይሞላል። የተሰደዱት ይመለሳሉ፣ ሙዚቃ ቡድን ይመጣል፣ የእመቤታችን ሐውልት በትከሻ ይወጣል፣ ባለሥልጣናት ከፊት ይሰለፋሉ። ልቤ ይሞላል፤ መዋሸት አልፈልግም። ነገር ግን ያን ሰሞን ወቀሳውም ይበዛል። የቅዳሴው ሰዓት ለምን ተለወጠ? ቤተ ክርስቲያኑ ለምን ቀኑን ሙሉ አይከፈትም? ዱሮ እንዲህ አልነበረም። የሚሉት አገራቸውን ስለሚወዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚያው የኖሩት አሮጊቶች ግን ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሴፕቴምበር ሲገባ መስኮቶቹ እንደገና ይዘጋሉ።

በ2025 መንግሥት ስለ እነዚህ ከከተማ የራቁ አካባቢዎች ያወጣው ብሔራዊ ዕቅድ፣ ከፊሎቹ አካባቢዎች የሕዝባቸውን መቀነስ መመለስ እንደማይችሉ፣ የሚያስፈልጋቸውም በእርጅናቸውና በማሽቆልቆላቸው ጉዞ አብሯቸው የሚሄድ ድጋፍ እንደሆነ ጽፏል። በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ ከመቶ በላይ የሆኑ ጳጳሳት ለመንግሥትና ለምክር ቤቱ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ተቃወሙ። ደብዳቤውን ባነበብኩ ጊዜ እፎይ አልኩ፤ ሰው አለን ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን የከነከነኝ ነገር አለ። እኛም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህን የምንመድበው በዚያው ሒሳብ ነው። መንደሯ ስታንስ ቄሱን እናነሣለን፤ ቄሱ ሲነሣ ደወሉ ዝም ይላል፤ ደወሉ ዝም ሲል እዚያ ለመቆየት ያመነታ የነበረው ሰው ይቆርጣል። ለመንግሥት የጻፍነው ደብዳቤ ለራሳችንም ይጻፍልን። ሁለት ካህናት ለአራት መንደር ቢመደቡ እሑድ በር ላይ መቆም እችል ነበር። የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

በሮም የምትማሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ካህናት ወንድሞቼ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ባለው ኮሌጃችንም ሆነ በየማኅበራችሁ ቤት ያላችሁ፣ ለበዓል ቁምስና ልትረዱ ስትወጡ የምትላኩት በገና፣ በፋሲካና በበጋ ዕረፍት እንደሆነ አውቃለሁ። በኦገስት አትቅሩ፤ እንቀበላችኋለን። ግን ከቻላችሁ በፌብሩዋሪ አንድ እሑድ ስጡን። ቅዳሜ ከፖተንዛ የሚነሣ አውቶቡስ አለ። እሑድ መመለሻ ስለሌለ ሰኞን ጨምራችሁ ኑ፤ ማደሪያ አለ፣ እሳትም እናነዳለን።